62 ተማሪ፣ ጥቂት ስልክ፣ ዋይፋይ የለም፦ ስልክና ዌብ መሣሪያ ክፍል ውስጥ ለማስገባት ከየት ይጀመራል?

መምህርት_ፊዚክስ

ሰላም ቲቸሮች። የማስተምረው 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። አራት ሴክሽን አለኝ፣ በአንዱ ክፍል እስከ 62 ተማሪ ይቀመጣል፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስማርት ስልክ ያለው ከሦስት ልጅ አንዱ ቢሆን ነው፤ እሱም አብዛኛው ሜሞሪው የሞላ አንድሮይድ። በእኔ በኩል ያለው የራሴ ላፕቶፕና የራሴ ዳታ ብቻ። ት/ቤቱ ዋይፋይ የለውም፤ መብራት ይመጣል ይሄዳል። ርዕሰ መምህሩ በእኔ ክፍለ ጊዜ ስልክ ለመፍቀድ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ በጽሑፍ ዕቅድ ጠይቆኛል።

የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። "ገባችሁ?" ስል ክፍሉ በሙሉ "አዎ!" ይላል፤ ማን እንዳልገባው በሁለት ሦስት ደቂቃ ማወቅ እፈልጋለሁ። ላብራቶሪ የሌለንን ሙከራ የልጆቹን ዳታ ሳልበላ ማሳየት እፈልጋለሁ። ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ ተመልካች ሆኖ እንዳይቀር። ካሁትን (ልጆቹ በየስልካቸው የሚመልሱበትን የጥያቄ ጨዋታ) አስቤ ነበር፤ ያዋጣል?

ጠመኔ

ካሁትን ለዚህ ክፍል ተዪው እህቴ። እያንዳንዱ ልጅ ስልክም ዳታም ሊኖረው ይገባል፤ ነጥቡም በፍጥነት ጭምር ስለሚሰጥ ኔትወርክ የዘገየበት ልጅ መልሱን እያወቀ ግርጌ ይቀመጣል። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ የሚሆንሽ ፕሊከርስ ነው። ስልክ የሚያስፈልገው ላንቺ ብቻ ነው፤ ተማሪው የሚይዘው ወረቀት ነው።

ካርዶቹን ከፕሊከርስ ድረ ገጽ በነጻ ታወርጃለሽ። መደበኛው ጥቅል 40 ካርድ ስለሆነ ለ62 ልጅ አይበቃም፤ ባለ 63ቱን ምረጪ። በአንድ ኤ4 ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚወጡ 32 ወረቀት ይፈጃል። ካርዱ ላይ ያለው ጥቁር ቅርጽ በየቁጥሩ የተለያየ ነው፤ በአራቱ ጎኖቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚሉ ደቃቅ ፊደላት አሉ። ልጁ የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ካርዱን ያነሳል፤ አንቺ ካሜራሽን ቀስ ብለሽ ክፍሉ ላይ ስታዞሪ ማን ምን እንደመለሰ ስልክሽ ላይ ይመጣልሻል። ፊደሉ ደቃቅ፣ ቅርጹም ከጎረቤቱ የተለየ ስለሆነ መኮራረጅ ቀላል አይደለም። የካርዱን ቁጥር ከተማሪው ተራ ቁጥር ጋር አንድ አድርጊው። ያኔ አንድ ጥቅል ለአራቱም ሴክሽን ይበቃሻል፤ 7 ቁጥር ካርድ በየክፍሉ የ7 ቁጥር ተማሪ ነው።

የሚያበላሹት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ልጆቹ ጣታቸውን ጥቁሩ ቅርጽ ላይ ያሳርፉበታል፤ ነጩን ጠርዝ ብቻ እንዲይዙ አሳዪያቸው። ካርዱን ላሚኔት አታስደርጊ፤ ስለሚያንጸባርቅ ካሜራው ማንበብ ያቅተዋል። ወፈር ያለ ወረቀት ላይ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ይሻላል፤ ቀለሙ የደበዘዘ ኮፒም አይነበብም። መስኮት ከልጆቹ ጀርባ ከሆነ ካርዱ ይጨልማል፣ ስለዚህ ቦታ ቀይረሽ ብርሃኑ ከአንቺ ጀርባ እንዲመጣ አድርጊ። የኋላ ወንበሮችን ከሰሌዳው አጠገብ ሆነሽ ማንበብ ካቃተሽ ወደ መሃል ግቢ። ስልክሽ ዳታ ያስፈልገዋል፤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ግን የሚበላው ትንሽ ነው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ስለምትጽፊው ፕሮጀክተር አያሻም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጥያቄው ነው። መሣሪያው ምንም ያህል ቢያምር ትርጉም በቃል የሚያስጠይቅ ጥያቄ ምንም አይነግርሽም። የተሳሳቱት ምርጫዎች ልጆቹ ራሳቸው ከሚስቱት ስህተት መቀዳት አለባቸው። ለምሳሌ፦ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ጫፍ ላይ በደረሰበት ቅጽበት (ኤ) ቬሎሲቲውም አክስለሬሽኑም ዜሮ ነው፣ (ቢ) ቬሎሲቲው ዜሮ፣ አክስለሬሽኑ ወደ ታች 9.8 ነው፣ (ሲ) ቬሎሲቲው ዜሮ፣ አክስለሬሽኑ ወደ ላይ ነው፣ (ዲ) ሁለቱም ወደ ታች ናቸው። ኤ ላይ ብዙ ልጅ ሲከመር "ቆመ ማለት ምንም ነገር አይሠራበትም" ብለው እንደሚያስቡ ወዲያው ታያለሽ።

ከዚያ ምን ይደረጋል? የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ያስፋፋው አሠራር አለ። በትክክል የመለሰው ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ትምህርቱ አልገባም፣ እንደገና አስተምሪ። ከ70 በላይ ከሆነ ባጭሩ አብራርተሽ እለፊ። መካከል ላይ ከሆነ ግን መልሱን ሳትናገሪ፣ ውጤቱንም ሳታሳዪ ሁለት ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር እንዲከራከሩ አድርጊና ካርዱን ደግመሽ አስነሺ። ጥያቄ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ይበቃል።

አይሲቲ_ላብ

የቲቸር ጠመኔን እደግፋለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄዎን ልውሰድ፣ መምህርት።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ሰርቨር (ይዘቱን ለስልኮቹ የሚያድል ፕሮግራም) ላፕቶፕዎ ላይ መጫን ይችላሉ። ለት/ቤት የተመቸው ኮሊብሪ ነው፤ ለርኒንግ ኢኳሊቲ የሚባለው ድርጅት ለዚሁ ብሎ የሠራው ነጻ ሶፍትዌር ነው። ቪዲዮ፣ መልመጃና ጥያቄ አንድ ላይ ይይዛል፤ ተማሪው በስልኩ ብሮውዘር ብቻ ይገባል፣ አፕ መጫን የለበትም። ይዘቱ አብዛኛው እንግሊዝኛ ቢሆንም 9ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ችግር አይሆንም።

በመጀመሪያ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ልንገርዎ። የዊንዶውስ ሞባይል ሆትስፖት ከ8 በላይ መሣሪያ አያስገባም፤ የስልክ ሆትስፖትም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ዘጠነኛው ልጅ "አልገባ አለኝ" ሲል ሰው ሶፍትዌሩን ይጠረጥራል። ስለዚህ ተራ የቤት ራውተር ያስፈልጋል። ሲም ወይም የኢንተርኔት መስመር አያስፈልገውም፤ ያለ ኢንተርኔት ላፕቶፑንና ስልኮቹን ያገናኛል።

ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር በኬብል ያያይዙት፤ የዋይፋዩን ጭነት ይቀንሳል። በራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ለላፕቶፑ የማይለወጥ አድራሻ ይስጡት፣ ለምሳሌ 192.168.0.10። ይህን ካልሰጡት አድራሻው በየቀኑ ሊቀያየር ይችላል፣ ሰሌዳ ላይ የጻፉት አይሠራም። ኮሊብሪ ሲጫን በራሱ የሚይዘው ፖርት (የመግቢያ ቁጥር) 8080 ስለሆነ ተማሪው በስልኩ ክሮም ላይ 192.168.0.10:8080 ብሎ ይጽፋል። ይህን በትልቁ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ዋይፋዩን ቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ፣ ስፋቱን 20 ሜጋኸርዝ ላይ ያድርጉት።

ስልኮቹ ላይ የሚገጥመው ይሄ ነው። አንድሮይድ "ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ ገጹ አልከፈት ይላል፣ የልጁ ካርድም ያልቃል። ሞባይል ዳታውን እንዲያጠፉ፣ መልእክቱ ሲመጣም "እንደተገናኘ ይቆይ" የሚለውን እንዲነኩ ያድርጉ። ሁለተኛው ቪፒኤን ነው፤ የልጆቻችን ስልክ ላይ የማይጠፋ ነገር ስለሆነ በርቶ ከሆነ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። "ከማንም በፊት ዳታና ቪፒኤን አጥፉ" የሚለው የክፍሉ የመጀመሪያ ሕግ ይሁን።

ይዘቱን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብለው ያውርዱ። ካን አካዳሚ የሚባለውን የትምህርት ቪዲዮ ቻናል ሙሉውን አይንኩት፣ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው። ኮሊብሪ ርዕስ በርዕስ መምረጥ ስለሚፈቅድ የዚህን ሴሚስተር ምዕራፎች ብቻ ምልክት ያድርጉ። ኪዊክስን ተጠቅመው ዊኪፒዲያን ከኢንተርኔት ውጭ ማስቀመጥ ካሰቡ ፍላሹን ኤክስፋት ወደሚባለው ፎርማት ይቀይሩት፤ ፋት32 የሚባለው ፎርማት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ኮፒው አይሳካም።

የተማሪዎችን ስም አንድ በአንድ አይመዝግቡ። ኤክሴል ላይ ዝርዝሩን አዘጋጅተው በሲኤስቪ ፎርማት ያስገቡት። ለተማሪዎች ፓስዎርድ የሚጠይቀውንም ቢያጠፉት ይሻላል፤ አለበለዚያ 40 ደቂቃዎ "ፓስዎርዴን ረሳሁ" በሚል ያልቃል።

ቪዲዮ ላይ ልከኛ ይሁኑ። ሃያ ስልክ በአንድ ጊዜ መልመጃ ቢሠራ ተራው ራውተር ይችላል፤ ሃያው በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ቢከፍት ግን ሁሉም ይንቀራፈፋል። ቪዲዮ ለቡድን ነው፤ አራት አምስት ስልክ ላይ ብቻ ይከፈት።

መምህርት_ፊዚክስ

እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩስ? ሰርቨሩ እስኪደራጅ ድረስስ አንድ ሙከራ ብቻ ለማሳየት አጭር መንገድ የለም?

ባትሪ_ድንጋይ

ለሁለቱም አለ።

ራውተሩን በፓወር ባንክ ማሠራት ይቻላል። ከራውተሩ ቻርጀር ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ፤ 9 ቮልት 0.6 አምፒር የሚል ከሆነ ቢበዛ የሚወስደው 5.4 ዋት ነው። ፓወር ባንክ የሚያወጣው 5 ቮልት ስለሆነ ከ5 ወደ 9 ቮልት ከፍ የሚያደርግ የዩኤስቢ ኬብል ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ትጠይቂያለሽ። 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ነው፤ በመለወጥ የሚባክነውን ቀንሰሽ 30 ብትይው ከአምስት ሰዓት በላይ ያቆያል። ግማሽ ቀን ትምህርት ማለት ነው። ሲገዙ ሁለት ነገር ይሳታል። አንደኛ፣ ባለ 12 ቮልት ራውተር በ9 ቮልት ኬብል አይሠራም፣ ወይም ይበራና ይጠፋል፤ ባለ 9 ቮልቱን ደግሞ 12 ከሰጠሽው ሊቃጠል ይችላል። ሁለተኛ፣ ፓወር ባንኩ 1 አምፒር ብቻ የሚሰጥበት ቀዳዳ ላይ ከሰካሽው ልጆቹ መግባት ሲጀምሩ ራውተሩ እየጠፋ ይነሳል፤ ምክንያቱም 5.4 ዋት ከ5 ቮልት ለማውጣት ከብክነቱ ጋር ወደ 1.3 አምፒር ይጠይቃል። 2 አምፒር የተጻፈበት ላይ ሰኪው።

ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሂድ። ክዳኑ ሲዘጋ "ምንም አታድርግ" የሚለውን ሴቲንግ ላይ አስተካክይ፤ አለበለዚያ አንድ ልጅ ክዳኑን ገጭ ሲያደርገው ክፍሉ በሙሉ ይቋረጣል። ስለ ራስፕቤሪ ፓይ (እንደ ሰርቨር ስለሚያገለግለው ትንሽ ኮምፒዩተር) የሚመክሩሽም ይኖራሉ፤ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አራተኛው ትውልድ 5 ቮልት 3 አምፒር ይፈልጋል፣ መብራት በድንገት ሲቋረጥበትም ሜሞሪ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ላፕቶፕ ካለሽ አሁን አያስፈልግሽም።

አጭሩ መንገድ የፌት ሲሙሌሽኖች ናቸው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚያዘጋጃቸው፣ ነጻ የሆኑ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ሙከራዎች። ኤችቲኤምኤል 5 የሆኑትን ብቻ ውሰጂ፤ የቆዩት የጃቫና የፍላሽ ስልክ ላይ አይሠሩም። እያንዳንዱ አንድ ፋይል ሆኖ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። አንዴ አውርደሽ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ለአምስት ስልክ ብታደርሺው ክፍሉ ተዳረሰ ማለት ነው። ልጆቹ ፋይሉን ሲነኩት "በምን ልክፈተው" ሲላቸው ክሮምን ይምረጡ። ሌላ የፋይል ማሳያ ከመረጡ ነጭ ገጽ ብቻ ይመጣል። ክሮሙ ለዓመታት ያልታደሰ ስልክም እንዲሁ ባዶ ያሳያል።

10ኛ ክፍል ላይ የዲሲ ሰርኪዩት መሥሪያውን ተጠቀሚ። አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ባለ 10 ኦም ሬዚስተርና አሚሜትር ይገናኙ፤ 0.90 አምፒር ያነባል። ቀጣዩን ከማገናኘታቸው በፊት ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ፦ ሁለተኛ ባለ 10 ኦም በሲሪየስ ቢጨመር? በፓራለል ቢጨመርስ? ግምት ሳይጻፍ ሙከራ አይነካም፤ ይህ ካልሆነ ጨዋታ ይሆናል። ሲሪየሱ 0.45፣ ፓራለሉ 1.80 ሲያሳይ "ሬዚስተር ሲጨመር ከረንት ሁልጊዜ ይቀንሳል" ብሎ የጻፈው ልጅ ከራሱ ጽሑፍ ጋር ይፋጠጣል። አሚሜትሩን በፓራለል የሚያስገባ ቡድን አይጠፋም፤ ሾርት ይሆንና ባትሪው እሳት ይተፋል። በስክሪን ነውና አይጎዳም። ሁሉም ቡድን አንዴ ማቃጠሉ ስለማይቀር መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ ለቃጠሎው ስጪያቸው፣ ከዚያ ወደ ሥራ።

ቀይ_እስክርቢቶ

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልነካውም፤ ለእኔ ግን እሱ ነው ዋናው።

ሴክሽኑን አምስት አምስት አድርጊና በቡድን አንድ ስልክ ብቻ ፍቀጂ። 62 ልጅ 12 ቡድን ሲሆን ሁለቱ ላይ ስድስት ይሆናሉ። ትርፍ ስልክ በቦርሳ ውስጥ ጠፍቶ ይቀመጥ። ስልኩን የሚነካው ባለቤቱ አይሁን፤ ይህ ሕግ ቀላል ቢመስልም ክፍሉን ይቀይራል። አንዱ ይነካል፣ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሁለቱ ግምት ይሰጣሉ፤ በየጥያቄው ቦታ ይለዋወጣሉ። ካልተለዋወጡ ጎበዙ ሠርቶ ሌላው ስሙን ያስጽፋል፣ አንድ ለአምስቱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ለርዕሰ መምህሩ የሚቀርበው ዕቅድ አንድ ገጽ ይሁን። የትኛው ቀን፣ የትኛው ክፍለ ጊዜ፣ ስንት ስልክ፣ ከክፍል ውጪ የት እንደሚቀመጥ፣ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ተጠያቂው ማን እንደሆነ። የመጨረሻውን ነጥብ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል በጽሑፍ አስፈርሚ። ሳይፈረም ስልክ ቢሰበር አንቺ ትከፍያለሽ፣ ፕሮግራሙም ያበቃል።

ቴሌግራምን ለቤት ሥራ ተጠቀሚ፤ በየቤቱ ቴሌግራም ያለው አንድ ሰው አይጠፋም። ለማስታወቂያ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ክፈቺ። ግሩፕ ውስጥ ልጆቹ እርስ በርስ ስለሚተያዩ ሴቶቹ ተማሪዎች በውስጥ መስመር መልእክት ይበዛባቸዋል። ሁሉም ስልክ ቁጥሩን "ለማንም አታሳይ" ላይ እንዲያደርግ በመጀመሪያው ቀን በክፍል ውስጥ አብራችሁ አስተካክሉት። የቴሌግራም ኩዊዝ ጥሩ ነው፤ ግን ቻናል ላይ መልስ የሰጠው ማን እንደሆነ አይታይም። ማን ምን እንደመለሰ ማየት ከፈለግሽ በግሩፕ ውስጥ "ስም የለሽ" የሚለውን አጥፍተሽ ነው የምትለጥፊው። ጥያቄው አጭር መሆን አለበት፣ አንዴ የነኩት መልስም አይቀየርም። ለማርክ ግን አታውይው፤ አንዱ መልሱን ካወቀ በደቂቃ ውስጥ ክፍሉ ያውቀዋል።

የመጽሐፉን ፒዲኤፍ ሙሉውን አትላኪ፤ በምዕራፍ ቆርጠሽ ላኪ። የሰሌዳ ፎቶ እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ይሂድ፣ ይጨመቅና ዳታ ይቀንሳል።

አማርኛ ለሚያስተምሩት ባልደረቦችሽም አንድ ነገር ንገሪያቸው። ጉግል ፎርም ላይ በአጭር መልስ የሚታረም ጥያቄ ሲያወጡ ፎርሙ ፊደል በፊደል ነው የሚያነጻጽረው። መልሱን "ፀሐይ" ብለው ካስቀመጡ "ጸሀይ" የጻፈው ልጅ ዜሮ ያገኛል። አማራጭ አጻጻፎቹን ሁሉ እንደ ትክክለኛ መልስ ማስገባት ወይም ጥያቄውን ወደ ምርጫ መቀየር ነው።

ጠመኔ

በአንድ ነገር አልስማማም። ስልክ በየክፍለ ጊዜው አያስፈልግም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ፕላዝማ (በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት) ሲገባ ማያው አስተማሪ፣ መምህሩ አብሪና አጥፊ ሆኖ ነበር፤ "ቆይ አልገባኝም" ቢባል አይሰማም ነበር። ካርዱ በየቀኑ፣ ስልኩ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ልምምድ ለሚጠይቅ ርዕስ ብቻ።

ቀይ_እስክርቢቶ

በሁለት ሳምንት አንዴ ከሆነ ልጆቹ ሁልጊዜ አዲስ ይሆኑበታል፤ ግማሹ ጊዜ በመግባት ያልቃል። ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ በተወሰነ ቀን። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናም በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል፤ ስክሪን ላይ ጥያቄ አንብቦ መመለስ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል።

መምህርት_ፊዚክስ

በሳምንት አንዴ፣ ካርዱን ደግሞ በየቀኑ አደርጋለሁ። ኮሊብሪን ጫንኩት፤ ላፕቶፑ ላይ ይከፈታል፣ ከስልክ ሲጻፍ ግን "ገጹ አልተገኘም" ይላል። ዳታም ቪፒኤንም አጥፍቻለሁ።

አይሲቲ_ላብ

የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ላፕቶፑ ኢንተርኔት የሌለውን ኔትወርክ "ፐብሊክ" ብሎ ይመዘግበዋል፣ ከውጭ የሚመጣውንም ይዘጋል። ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለው ጋ ገብተው ያንን ግንኙነት ወደ "ፕራይቬት" ይቀይሩት፤ ከዚያ ፋየርዎሉ ላይ ኮሊብሪ በፕራይቬት እንዲያልፍ ምልክት ያድርጉ። አሁንም ካልከፈተ ራውተሩ ላይ "ኤፒ አይሶሌሽን" ወይም "ጌስት ኔትወርክ" በርቶ እንደሆነ ይዩ፤ ሁለቱም ስልኩ ላፕቶፑን እንዳያይ ያደርጋሉ። ከተማሪዎቹ በፊት በሦስት ስልክ ይሞክሩት፣ አንዱ አሮጌ ይሁን።